በመናገሻ ጫካ በድንኳን ያደርንበት ሌሊት

ካቻምና፣ ጥር 10 ቀን፣ በከተራ ዕለት፣ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ወርደው በየድንኳናቸው ካረፉ በኋላ፣ ያን ጊዜ የ9 ዓመት ልጅ የነበረችው ሴት ልጄ እጄን ይዛ፣ «አባዬ፣ ታቦቱ ቤት እያለው ለምን በድንኳን ያድራል?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም በልጅነቴ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጬ እንደ ሰማሁት፣ ጌታችን ሊጠመቅ ወደ ዮርዳኖስ በወረደ ጊዜ እንደ ማንኛውም ሰው ተራውን መጠበቁን፣ የኦሪቱም ታቦት እስራኤል በምድረ በዳ በተጓዙበት ዘመን በድንኳን ሲያድር መኖሩን አስረዳኋት። አድምጣ ጨረሰችና፣ «እኛስ በድንኳን አድረን እናውቃለን?» አለች። አናውቅም ነበር።

ለከተማ ልጅ ድንኳን ማለት በሰርግና በለቅሶ ጊዜ በየደጁ የሚተከል፣ ወንበር የሚደረደርበት፣ ነገሩ ሲያልፍም ተጠቅልሎ ወደ ዕድሩ ዕቃ ቤት የሚመለስ ሸራ ነው። ማደሪያነቱ ተረስቷል። ነገር ግን ቃላችንን ብንመረምር አባቶቻችን ከድንኳን ጋር የነበራቸው ዝምድና ገና ከአንደበታችን አልወጣም። «ደብተራ» በግእዝ ድንኳን ማለት ነው፤ የማሕሌቱ ሊቅ በዚህ ስም መጠራቱም፣ በነገሥታቱ ሰፈር ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ ድንኳን በነበረበት ዘመን በዚያ ያገለግል ስለ ነበር ነው ይባላል። «ሰፈር» የሚለው ቃል «ሰፈረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። «ከተማ»ም በቀድሞ ዘመን ንጉሡና ሠራዊቱ ያረፉበት የድንኳን ሰፈር ማለት ነበር። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን እስኪቆረቁሩ ድረስ ብዙዎቹ ነገሥታት አብዛኛውን ዘመናቸውን ያሳለፉት በእንዲህ ያለው ተንቀሳቃሽ ከተማ ነው። ደጃዝማች የንጉሡ ድንኳን ደጃፍ አዛዥ፣ ቀኛዝማችና ግራዝማች በቀኝና በግራ የሚሰፍሩት አዛዦች ናቸው። አዲስ አበባ ራስዋ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃው አጠገብ ከሰፈሩበት ስፍራ የተነሣች ናት፤ በመኳንንቱ ስም የሚጠሩት ሰፈሮቿም መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው ድንኳን የተከሉባቸው ቦታዎች ናቸው። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ በድንኳን ሰፈር ላይ ቤት ሠርቶ የሚኖር ነው።

ይህን ሁሉ ለልጆቼ አወራሁላቸውና ለተማሪ ቤቱ ዕረፍት፣ በጥር ወር መጨረሻ፣ ወደ መናገሻ ጫካ ሄደን ሁለት ሌሊት በድንኳን እንድናድር ወሰንሁ። ባለቤቴ ግን፣ «ታሪኩ ይቆይና ብርድ ልብስ ስንት እንያዝ?» አለችኝ። ኋላ እንደ ታየው ከእኔ ታሪክ ይልቅ የእርሷ ጥያቄ ይበልጥ ነበር።

የመናገሻ ሱባ ጫካ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ጎንና ጎን ላይ የሚገኝ ነው። ወጨጫ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የነበረ ተራራ ሲሆን ከፍተኛው ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 3385 ሜትር ይደርሳል። ጫካውን በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት፣ በኋላም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጥበቃ እንደ ተደረገለት ይነገራል። ዛሬ ከከተማው ግርግር ወጥቶ የሚገባበት ሰው ከታች ጥድ፣ ዝግባና ወይራ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ወደ ጫፉ ሲቃረብ ደግሞ አስታ ያገኛል። የጥዱ ግንድ ሦስት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው የማያቅፉት ነው። ከላይ ጉሬዛ ነጭ ጅራቱን እያወዛወዘ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይወረወራል፤ ከሥር ደግሞ የምኒልክ ድኩላ የሚባለው፣ ከአገራችን ደጋ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ጥቁር ድኩላ፣ አንዳፍታ ቆሞ አይቶን ወደ ጥሻው ገባ። ወንዱ ልጄ፣ ያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ነበረ፣ ስልኩን አውጥቶ ፎቶግራፍ ሊያነሣው ሲል ድኩላው አልነበረም። በዚህ እኔ ደስ አለኝ። ዓይን ብቻውን ያየውን ነገር ልጁ እስከ ዛሬ ያወራዋል።

ከጫካው አስተዳደር ፈቃድ ተቀብለን፣ የያዝነው ቦታ ከመኪናው መንገድ በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያስኬድ ገላጣ ነበር። ቤት የለም፣ ቧንቧ የለም፣ መብራት የለም፣ መጸዳጃ የለም፣ የእጅ ስልክም አይሠራም። ያደረሰን ባልንጀራዬ ቅዳሜ ሊመልሰን ተቀጣጥረን ሐሙስ በቀትር ተሰናበተን። ከእኛ ጋር የቀሩት አንድ የጫካው ጠባቂ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸውም ጎጇቸው በጉብታው ማዶ ስለ ሆነ ማታ ማታ ሊጎበኙን ቃል ገቡ። ድንኳኑን ልተክል ከአንድ ትልቅ ደረቅ ጥድ ሥር ሳስተካክል አይተው፣ «መምህር፣ ከዚህ አይትከሉ፤ ነፋስ ሲነሣ ይህ ዛፍ ቅርንጫፉን ይጥላል» አሉኝ። ከጅረቱ ዳር ወዳለው ለስላሳ ሣር ብሄድም ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይፈስሳልና ሌሊት ውርጩ የሚተኛው ከዚያ ነው። በመጨረሻ ከጅረቱ ከፍ ብሎ፣ ከነፋሱ በቁጥቋጦ የተጋረደ ደልዳላ ቦታ መረጡልን። እኔ፣ ባለቤቴና ልጂቱ በትልቁ ድንኳን፣ ልጁ ብቻውን በትንሹ እንድናድር አድርገን ካስማውን ቸነከርን፤ አውታሩን ወጠርን።

ከዚያ በኋላ የሠራነው ሥራ ለልጆቼ ከሁሉ የከበዳቸው ነው፤ ይኸውም መጸዳጃ መቆፈር። የከተማ ልጅ ቆሻሻው የት እንደሚሄድ ጠይቆ አያውቅም። ነገር ግን በኦሪት ዘዳግም በ23ኛው ምዕራፍ፣ ሕዝቡ ከሰፈሩ ውጭ ለዚህ የሚሆን ቦታ እንዲለይ፣ መቆፈሪያም ይዞ እንዲሄድና እንዲከድነው የታዘዘው ትእዛዝ ዛሬም የጫካ ሕግ ነው፤ ምክንያቱም እዚያው ተጽፏል፤ እግዚአብሔር በሰፈሩ መካከል ይመላለሳልና። ከጅረቱና ከድንኳኑ ቢያንስ 60 ሜትር ርቀን፣ አንድ ስንዝር ያህል ጠልቀን ቆፈርን፤ አፈሩን ከዳሩ አኖርን። የመጠጥ ውሃም ከጅረቱ ቀድተን አፈላን። እዚህ ላይ ለቤት እመቤቶች የሚጠቅም አንድ ነገር ልናገር፤ በደጋ አገር አየሩ ስስ ስለ ሆነ ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ይፈላል። ስለዚህ ከ2000 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ የወንዝ ውሃ ፈላ ሲሉ ወዲያው ማውረድ አይገባም፤ እየተንፈቀፈቀ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት።

የእሳቱ ዙሪያ፣ የድርቆሹ ፍርፍር፣ የጀበናው ቡና እንዴት እንደ ጣፈጠ አልዘረዝርም፤ በጫካ የበላ ሁሉ ያውቀዋል። ስለ ሰማዩ ግን ዝም ማለት አልችልም። ልጄ ከአዲስ አበባ ሰማይ በቀር ሰማይ አይታ አታውቅም ነበርና፣ እሳቱ ሲደበዝዝ ቀና ብላ አየችና ወደ እናቷ ተጠጋች። ፈርታ ነው። በቅዱሳት መጻሕፍት የተጠቀሱትን ኦሪዮንንና ሰባቱን ከዋክብት በጣቴ አሳየኋት፤ እነኢዮብ ያዩአቸው እነዚህኑ መሆናቸውን ነገርኋት። «እነዚህኑ?» አለች፤ ጥቂት ቆይታም ደግማ፣ «ራሳቸውን?» አለች።

አሁን ለመጻፍ ሁለት ዓመት ወደ ፈጀብኝ ነገር ደረስሁ። የዘገየሁት አፍሬ ነው።

ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ብርዱ በረታ። ሣሩ ላይ የወደቀው ጤዛ ከወዲሁ መንቆር ጀምሮ ነበር። ልጂቱ በጋቢ ላይ ጋቢ ተጠቅልላም ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ነበር። ጠባቂው ሽማግሌ ደኅና እደሩ ሊሉን መጥተው ሲመለሱ፣ «መምህር፣ እሳት ወደ ውስጥ አይግባ» አሉኝ። እኔም፣ «እሺ አባቴ» አልሁ፤ በልቤ ግን ሽማግሌው የፈሩት ነበልባሉ ሸራውን እንዳይበላው ነው ብዬ ተረጎምሁት። ለቡናው ይዘነው የመጣነው የከሰል ማንደጃ ነበር። ከሰሉን በውጭ አቀጣጥዬ፣ ጭሱ እስኪያልቅ ጠብቄ፣ ፍሙ እንደ ሮማን ፍሬ ሲቀላ በሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጌ በድንኳኑ መካከል አኖርሁት። ባለቤቴ፣ «በቤት እንኳ በሩን ከፍተን አይደል?» አለችኝ። እኔ ግን፣ «ጭሱ አልቆለታል፤ የቀረው ፍም ብቻ ነው። ሲሞቅ እናወጣዋለን» ብዬ የድንኳኑን ዚፕ እስከ ታች ዘጋሁት። እሷም መምህር ናቸውና ያውቃሉ ብላ ሳይሆን፣ ደክሟት ዝም አለች።

ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ብዙ አስቤበታለሁ። በልጅነቴ፣ ለዜማ ትምህርት አገር ስዞር፣ በሣር ጎጆ ውስጥ ከስድስት የቆሎ ተማሪዎች ጋር በአንድ የእሳት ዳር ተኝቼ አድጌአለሁ። ጭሱ ዓይናችንን ያስለቅሰን ነበር እንጂ ማንም አልሞተም። ይህ ትዝታ አታለለኝ። የሣር ክዳን በየቀዳዳው ይተነፍሳል፤ የግድግዳው ጭራሮ ነፋስ ያስገባል። የዛሬው ድንኳን ግን ዝናም እንዳያስገባ ተብሎ ከተለበጠ ጨርቅ የተሠራ፣ በዚፕ የሚዘጋ ከረጢት ነው። በጎጆ የተማርሁትን ወደ ከረጢት ይዤ ገባሁ።

ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ ልጂቱ እየቃተተች ተነሥታ አስመለሰች። ባለቤቴ ልትይዛት ቀና ስትል ራሷን ያዘች፤ «ግንባሬ ሊፈነዳ ነው» አለች። እኔ ፍርፍሩ ተበላሽቶ ይሆናል፣ ወይም ውሃው በደንብ አልፈላ ይሆናል ብዬ አሰብሁ። ይህን በማሰብ ብቻ ስንት ደቂቃ እንዳባከንሁ አላውቅም። ባትሪውን ላነሣ እጄን ስዘረጋ እጄ እንደ ሌላ ሰው እጅ ሆነብኝ። ልቆም ብሞክር ጉልበቴ ከዳኝ። ያን ጊዜ ዓይኔ በመካከላችን ቀልቶ ከተቀመጠው ፍም ላይ ዐረፈ፤ በየዓመቱ በክፍል ውስጥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በገዛ እጄ የምጽፈው ነገር ተራ በተራ መጣብኝ።

አንባብያን ሆይ፣ እኔ ሳይንስ አስተምራለሁ። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ እንደሚወጣው፣ ይህም ጋዝ ቀለም፣ ሽታና ጣዕም የሌለው መሆኑን፣ ስንት ልጅ ፈትኜበታለሁ፤ ያልመለሰውንም ቀጥቼበታለሁ።

በእንብርክኬ ሄጄ ዚፑን ከፈትሁና ልጂቱን በክንዷ ጎትቼ አወጣኋት። ባለቤቴ በራሷ ወጣች፤ ነገር ግን ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ተቀመጠች። ልጄን ስጠራው ከትንሹ ድንኳን ደንግጦ ሮጠ። እሱ ምንም አልነካውም፤ ብርድ ብቻ ይዞት አድሯል። ማንደጃውን ላወጣ ተመልሼ ስገባ ትንፋሼን ይዤ ነው። አውጥቼ ልወረውረው ስል ደግሞ ዙሪያው ሁሉ የጥር ደረቅ ሣርና የጥድ ቅጠል መሆኑን አየሁ። ቤተ ሰቤን ለመግደል ጥቂት የቀረኝ ሰው ጫካውንም ላቃጥል ነበር። መጸዳጃውን ስንቆፍር ወዳስቀረነው የአፈር ክምር ወስጄ ቀበርሁት።

ልጄ ጉብታውን ተሻግሮ ጠባቂውን ጠራቸው። ሽማግሌው መጥተው ነገሩን በአንድ እይታ ተረዱት። «ነግሬዎት አልነበረም?» አላሉም። የራሳቸውን ካባ አውልቀው በልጂቱ ላይ ጣሉ፤ ነፋስ ወደሚነፍስበት አስቀመጡን፤ እንዳንተኛም ከለከሉን። ከዚያ ልጄን ይዘው ስልክ ወደሚይዝበት ከፍታ ወጡ። ባልንጀራዬ ጎሕ ሲቀድ ደረሰ። በነዚያ አራት ሰዓታት ልጂቱን በጭኔ አድርጌ የዓርብን ውዳሴ ማርያም ሰባት ጊዜ ሳልደግመው አልቀረሁም። ስሟን በየጊዜው እጠራታለሁ፤ እሷም፣ «አቤት አባዬ» ትለኛለች። ድምፅዋ ትንሽ የዘገየ በመሰለኝ ቁጥር የሚሰማኝን ነገር እግዚአብሔር ብቻ ያውቀዋል።

በአቅራቢያው ባለችው ከተማ የተቀበለን ሐኪም ለልጂቱና ለእናቷ ኦክሲጅን አደረገላቸው፤ ማታ ወደ ቤታችን ተመለስን። ለዓርብ ብለን የያዝነው ሽሮ ሳይፈታ ከነከረጢቱ ቤቱ ገባ።

ሐኪሙ ያስረዳኝንና እኔም ኋላ በመጻሕፍት ያመሳከርሁትን ልጻፈው፤ ወቅቱ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ የሚበረታበት ነውና ለሚያድርበት ቤት ሁሉ ይጠቅማል። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው ቀይ ንጥረ ነገር ከኦክሲጅን ይልቅ ከዚህ ጋዝ ጋር መጣበቅን ከ200 ጊዜ በላይ አብልጦ ይወድዳል። ስለዚህ በክፍሉ አየር ውስጥ ያለው ጋዝ ጥቂት ቢሆንም ደማችን እየለቀመ ያከማቸዋል፤ ሰውየው አየር እየተነፈሰ ኦክሲጅን ያጣል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ቀጥሎ እንቅልፍ። የሚገድለውም እንቅልፉ ነው፤ የተኛ ሰው ራሱ እንደታመመ አያውቅምና። ሕፃናትና በማኅፀን ያለ ጽንስ ከሌላው ፈጥነው ይጎዳሉ። ጋዙ ከገባ በኋላ በተራ አየር ግማሹ ከደም እስኪወጣ 4 ወይም 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በሐኪም ቤት ኦክሲጅን ግን ወደ 1 ሰዓት ተኩል ያህል ዝቅ ይላል። «ወጥተን አየር አገኘን፤ በቃን» ብሎ ወደ ሐኪም ሳይሄዱ መቅረት ስለዚህ ስሕተት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያታልለው ጭሱ ነው። ጭስ የሚያስለቅስና የሚያሳስል ስለ ሆነ ሰው ከጭስ ይሸሻል። ፍም ግን ጭስ የለውምና ንጹሕ መስሎ ይታየናል። ያቀላው ከሰል ግን ይህን ጋዝ ማውጣቱን አያቋርጥም፤ ዐመድ ለብሶም ያወጣል። የድንኳኑን መግቢያ ስንዝር ያህል ከፍቶ መተኛትም መድኃኒት አይሆንም። ደግሞ ነገሩ የድንኳን ብቻ አይደለም። ቡና ተጠጥቶ ማንደጃው ለሙቀት ተብሎ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። ለአራስ እንዳይበርዳት ተብሎ መስኮቱ በጨርቅ ተወትፎ ከሰል ይቀጣጠልላታል። የዘበኛው ቤት፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዘዋ ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ተቆልፋ ፍም ይዛ ታድራለች። በማለዳ ሲንኳኳ የማይከፈት በር ወሬ ያልሰማ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ያን ወሬ ስንሰማ፣ «ምን ዓይነት ያላወቀ ሰው ነው?» እንላለን። ይኸው፣ ያወቀም ሰው አደረገው።

ዓመቱ ሲዞር፣ አምና በጥር፣ ልጆቹ እንደገና እንሂድ አሉ። እኔ አልፈቀድሁም። የፈቀደችው ባለቤቴ ናት፤ «ልጅቷ ድንኳን ባየች ቁጥር ያንን ሌሊት ብቻ እያሰበች ልትኖር ነው?» አለችኝና በአንድ ሁኔታ ተስማማች፤ ዕቃውን የምትጭነው እርሷ እንድትሆን። ማንደጃው ከቤት አልወጣም።

በዚያ ጊዜ እንደ ተረዳሁት ሰውን በድንኳን የሚያበርደው ከላይ ያለው አየር ብቻ ሳይሆን ከታች ያለው መሬት ነው። እኛ በመጀመሪያው ጉዞ ስድስት ጋቢና ብርድ ልብስ ይዘን ሁሉንም ከላያችን ደርበን ነበር፤ ከሥራችን ግን አንድ ሰሌን ብቻ። መሬት የሰውነትን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ይጠጣል። አምና ባለቤቴ ከታች ላስቲክ፣ በላዩ ደረቅ ገለባ የተሞላ ጆንያ፣ ከዚያም ፍራሽና ብርድ ልብስ አነጠፈች፤ ከላይ የቀረን ለየራሳችን አንድ አንድ ጋቢና አንድ ብርድ ልብስ ነው፤ በቃን። ቀን የለበስነውን፣ ላብ የጠጣውን ልብስና ካልሲ አውልቀን ደረቅ ለበስን። ልጆቹ ራሳቸውን በሹራብ ቆብ ሸፈኑ። ከመኝታ በፊት ትኩስ በሶ በማር ጠጡ፤ የሚፈጭ እህል በሆድ ውስጥ እንደ ምድጃ ነው፤ ይህ ምድጃ ደግሞ ጋዝ አያወጣም። በመጨረሻም ክዳኑ የማያፈስ የብረት ጠርሙስ ፍል ውሃ ሞልተን፣ በፎጣ ጠቅልለን በየእግራቸው ሥር አኖርንላቸው። ይህ እስከ ሌሊቱ እኩሌታ ይሞቃል። እሳቱን ግን ድንኳኑ ሳይደርስበት በራቀ ቦታ፣ ሣሩ ተነቅሎ ዙሪያው በድንጋይ ታጥሮ አነደድነው፤ ስንተኛም ውሃ አፍስሰን፣ ዐመዱን በእንጨት አማስለን፣ በእጃችን ጀርባ ነክተን ቀዝቅዞ ካላገኘነው በቀር አልተለየነውም።

አንድ ሌላ ነገርም ነበር፤ ድንኳኑን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ የሚተኛ ሰው ያለ እሳትም ይበርደዋል። የአራት ሰው ትንፋሽ በሸራው ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠብና ብርድ ልብሱን ያረጥበዋል። ስለዚህ ሁለቱ ትንንሽ መስኮቶች ከላይ ተከፍተው ማደር አለባቸው። ነፋሱ ይገባል፤ ይግባ።

ጠባቂው ሽማግሌ በቦታቸው ነበሩ። ለካባቸው ወሮታ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ይዤላቸው ሄጄ ነበርና ተቀብለው መረቁኝ። ከዚያ በድንኳኑ ዙሪያ ሄዱ፤ ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ ተመለከቱ፤ ዕቃችንንም በዓይናቸው ቈጠሩ። «መምህር፣ ያ ማንደጃ የት አለ?» አሉኝ። ባለቤቴ ቀድማኝ፣ «አባቴ፣ ቤት ታሥሮ ቀርቷል» አለቻቸው። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

በዚያው ሌሊት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ እኔ ነቃሁ። ያለ ምክንያት ነው የነቃሁት፤ ጆሮዬ የልጆቼን ትንፋሽ ሊቈጥር ነቅቶ ይሆናል። ከሩቅ ጅብ ይጮኻል። ልጄ በመኝታ ከረጢቱ ውስጥ ጠፍቶ ቆቡ ብቻ ይታያል። ልጂቱ ግን መኝታዋን ወደ መስኮቱ አስጠግታ፣ መጋረጃውን እኛ ከተውነው የበለጠ አውርዳ፣ ፊቷን ወደ ሰማዩ አድርጋ ተኝታለች። ውርጩ በቀጥታ ግንባሯ ላይ ይመጣል። ልዘጋው እጄን ዘረጋሁ፤ ከዚያ ተውሁት። የራሴን ጋቢ አንሥቼ ደረብሁላትና በብርድ ልብሴ ብቻ ተኛሁ።